የስፌት ቤቱን ልያዘው ወይስ ደሞዜ ላይ ልቆይ? ሐዋሳ ያላችሁ ምከሩኝ

ሀይቅዳር_ልጅ
ታኅሣሥ 3፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ናችሁ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ የሚሰፋበት ፋብሪካ ነው የምሠራው። አምስት ዓመት አልፎኛል። ኦፕሬተር ሆኜ ገባሁ፣ አሁን ሱፐርቫይዘር ነኝ።

ከምኖርበት ብዙ ሳይርቅ፣ መናኸሪያ አካባቢ፣ አንዲት ትልቅ ሴት ስፌት ቤት አላቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ልጃቸው ድሬዳዋ አግብታ ስለምትኖር እሷ ዘንድ ሊጠቃለሉ ነው። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋ መኪና)፣ መቅደጃ ጠረጴዛና ካውያ አላቸው። «ከባዳ አንቺ ብትይዢው ደስ ይለኛል። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን እየሠራሽ በስድስት ወር ትሰጪኛለሽ» አሉኝ። እስከ ጥር ማብቂያ ለሌላ ሰው አይናገሩም። እቁቤም በዚህ ወር ወጥቶልኛል፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ይሸፍናል።

ግን እናቴ የምትኖረው በእኔ ደሞዝ ነው። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። ቤት ኪራዩም አለ።

በሌላ በኩል፣ ፋብሪካ ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ የምሰማው ቁጭት ያስፈራኛል። አንዷ «ያኔ ኮሌጅ በገባሁ» ትላለች። ሌላዋ «ያኔ አጎቴ ሱቅ ልክፈትልሽ ሲለኝ እሺ ባልኩ» ትላለች። ከዓመታት በኋላ እኔም «ያኔ ስፌት ቤቱን በያዝኩ» እያልኩ መኖር አልፈልግም። ቁጭትን ፈርቼ ብቻ ተነስቼ ደግሞ እናቴን ችግር ላይ መጣል አልፈልግም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

አሞራገደል_ነጋዴ
ታኅሣሥ 3፣ ከምሽቱ 3:05

እህቴ ያዢው! እኔ አሞራ ገደል ዓሣ ነው የምነግደው። ጠዋት ጀልባ ሲገባ ቆሮሶው ገና እየተንፈራገጠ ነው። ዋጋ ይነገርሃል፣ ታነሳለህ ወይ ትተዋለህ። አንተ ቆመህ ስታስብ አጠገብህ ያለው ጭኖ ይሄዳል። ግማሹን እየሠራሽ ክፈይ የሚልሽ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል? በኋላ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።

የታቦር_ጥላ
ታኅሣሥ 3፣ ከምሽቱ 3:30

ወንድሜ አሞራገደል፣ ዓሣው ዛሬ ቢያመልጥህ ነገ ሌላ ጀልባ ይገባል። እሷ ግን ደሞዟን አንዴ ከለቀቀች ነገ ተመልሳ አታገኘውም። የሚበሉት ደግሞ ሦስት ሰዎች ናቸው።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስፌት ቤቱ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ብር ባያስገባ እናትሽ ምን ይበላሉ? ጤፉ፣ ኪራዩ፣ የወንድምሽ ወጪ ከየት ይመጣል? ለዚህ መልስ ካለሽ ቀጥይ። ከሌለሽ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የሚሆነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ጥር ማብቂያ ገና ነው፣ ተረጋጊ።

ጋሽ_መምህር
ታኅሣሥ 4፣ ከጠዋቱ 1:15

ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ስለ ቁጭቱ ጉዳይ ትንሽ ልበልሽ፤ ስለ ስፌቱ የሚያውቁት ይንገሩሽ።

እኛ የዕድሜ እኩዮች ጠዋት ጠዋት ገብርኤል አካባቢ ቡና እየጠጣን እንጨዋወታለን። ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ያርፋል። «እዚህ ፎቅ የቆመበትን ቦታ ያኔ በርካሽ በገዛሁት ኖሮ» ይባላል። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል። ሐዋሳ እኮ በ1950ዎቹ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከመንደርነት ተነስታ ስታድግ በዓይናችን አይተናል። ስለዚህ የሚቆጨን ቦታ አናጣም።

አንድ ቀን ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። እነዚህ ወዳጆቼ የሚያወሩለት ዘመን ደርግ ነው። የከተማ ቦታ በአዋጅ 47/1967 የመንግሥት ሆኖ ነበር። ቦታ መግዛትና መሸጥ በሕግ ክልክል ነው። ቢፈቀድስ? የአስተማሪ ደሞዝ ከወር ወር አያደርስም። እና ያ «ያመለጠን» ቦታ መቼም እጃችን የሚገባ አልነበረም። ለዓመታት ያልነበረን ዕድል ስናለቅስ ኖረናል።

በዚያው ዘመን ግን እውነተኛ ዕድል ነበር። የቤት ሠሪዎች ማኅበር ይቋቋማል፣ ቦታ በነፃ ይሰጣል፣ ብድርም ይመቻቻል። ከአባላቱ የሚፈለገው በየወሩ ማዋጣት፣ ስብሰባ መገኘት፣ ድንጋይና አሸዋ ሲመጣ ቆሞ መቆጣጠር ነው። አሰልቺ ነው። የተመዘገቡት ባልደረቦቼ ዛሬ ልጅ የዳሩበት ቤት አላቸው። ስለዚያ ማኅበር ግን ቡናው ላይ ማንም ሲቆጭ ሰምቼ አላውቅም። የሚያስቆጨን ፎቁ ነው።

ልጄ፣ በዚህ መዝኚው። የመጣልሽ ነገር በእርግጥ እጅሽ ላይ የሚደርስ ነው ወይ? ገንዘቡ፣ እጅሽ፣ ጊዜሽ ይደርሳል ወይ? የሚደርስ ከሆነ አሰልቺውን ሥራ ዛሬ ጀምሪው። የማይደርስ ከሆነ በሰላም ተይው፤ ዕድሜ ልክሽን የምትቆጪበት ምክንያት የለም።

ስለ ማሞ ወልዴም ላስታውስሽ። ሜክሲኮ ኦሎምፒክ፣ ጥቅምት 1961 ዓ.ም.። አበበ ቢቂላ ሮምንና ቶኪዮን አሸንፎ ሦስተኛውን ሊሮጥ ቆሟል። እግሩን አሞት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋርጦ ወጣ፣ ማሞ ወርቁን ይዞ ገባ። ሰው ታሪኩን ከዚህ ይጀምርና «ዕድል ገጠመው» ይላል። ማሞ እኮ በ1949 ሜልቦርን ላይም ነበር፤ 800 እና 1,500 ሜትር ነው የሮጠው። በ1957 ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ፣ ማራቶኑንም ጀምሮ አቋረጠው። ሜክሲኮ ሲደርስ 36 ዓመቱ ነው። ከማራቶኑ ቀደም ብሎ በ10,000 ሜትር ብር ወስዷል። አበበ ሲወጣ ተዘጋጅቶ የሚሮጥ ሰው ከኋላ ነበረ ማለት ነው። ቶኪዮ አምልጦኛል ብሎ ቢቀር ኖሮ ሜክሲኮ ላይ አናየውም ነበር።

መርፌና_ክር
ታኅሣሥ 4፣ ከጠዋቱ 4:20

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልቤን ነው የነኩት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። እኔ ባህል አዳራሽ አካባቢ ስፌት ቤት አለኝ። ከፋብሪካ የመጡ ልጆችንም አሠርቼ አውቃለሁ። እህቴ፣ በግልጽ ልጠይቅሽ። ቅድ ትችያለሽ?

የምጠይቅሽ ለክፋት አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ አንዷ አንገትጌ ትገጥማለች፣ አንዷ ካፍ፣ አንዷ ኪስ። ፍጥነታችሁ ለጉድ ነው፤ ከእናንተ ጋር የሚወዳደር የለም። ጨርቁ ግን ተቀዶ፣ ተቆጥሮ፣ በጥቅል ታስሮ ነው የሚደርሳችሁ። ስፌት ቤት የሚመጣ ደንበኛ ሦስት ሜትር ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋልሽና «ለቅዳሜ ሰርግ አለብኝ» ይልሻል። ትከሻው አንዱ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ሆድ ያለው አለ። ልኬት ትወስጃለሽ፣ በጠመኔ ታሰምሪያለሽ፣ ከዚያ መቀስ ታነሺያለሽ። ብብቱን ጣት ያህል አጥልቀሽ ከቀደድሽው መመለሻ የለውም። ጨርቁን ከኪስሽ ትከፍያለሽ፣ ደንበኛውም ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ስለ ክፍያው። ጥር ማብቂያ ተረክበሽ ስድስት ወር ስትቆጥሪ ሐምሌ ላይ ያልቃል። ሐምሌ ለእኛ ደረቅ ወር ነው። የእኛ ገንዘብ የሚገባው በጥርና በሚያዝያ ሰርግ፣ በፊቼ ጫምባላላ ሰሞን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በነሐሴና በመስከረም ዩኒፎርም ነው። የጥር ወር ሰርግ እየተረከብሽ ያልፍሻል። እትዬን ለምነሽ ሁለተኛውን ግማሽ ወደ መስከረም መጨረሻ አስገፊው። ይቺ ብቻ ከእዳ ታድንሻለች። እሳቸውም ሙያተኛ ናቸው፣ ይገባቸዋል።

ሦስተኛ፣ ቤቱ የእሳቸው ነው ወይስ ኪራይ? ኪራይ ከሆነ ከእትዬ በፊት ባለቤቱን አነጋግሪ። ደንበኛ የሚመጣው ቦታውን ለምዶ ነው። መኪኖቹን ከገዛሽ በኋላ አከራዩ ኪራዩን እጥፍ ቢያደርግብሽ ወይም ቤቱን ቢፈልገው የያዝሽው ብረት ብቻ ነው። በስምሽ የጽሑፍ ውል ይኑርሽ፤ ለንግድ ፈቃዱም ያስፈልግሻል።

አራተኛ፣ መኪኖቹን እየሰፋሽ ፈትኚ። ወፍራም ጨርቅ አጥፈሽ አስኪጂበት፣ ስስም ሞክሪበት። ክር የሚበጥስ ከሆነ፣ ስፌት የሚዘል ከሆነ ምክንያቱን ጠይቂ። ሞተሩ ሳትሰፊ ቁጭ ስትይም የሚጮህ ከሆነ ክላች ነው፣ መብራት ይበላል። ሰርቮ ከሆነ ስትረግጪ ብቻ ነው የሚዞረው። የእግር መኪና አንድ ካላቸው ግን እንዳትተዪው፤ መብራት ሲጠፋ እንጀራሽ እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ያልኩሽ እንድትፈሪ አይደለም። ቦታው ጥሩ ነው፣ አውቀዋለሁ። ጨርሰሽ አትተዪው።

የሥራ_ሕግ
ታኅሣሥ 4፣ ከቀኑ 7:10

እኔ ስለ አለቃቀቁ ብቻ ልናገር። ብዙ ሠራተኛ ዕድል ሲመጣለት በንዴት ወይም በችኮላ ጥሎ ይወጣና መብቱን እዚያው ትቶ ይሄዳል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 የሚለው እንዲህ ነው። የሙከራ ጊዜ የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በጽሑፍ አድርጊው፣ ግልባጩ ላይ አስፈርሚ። ሳታሳውቂ ብትቀሪ ካሣ ትጠየቂያለሽ፣ ከሚቀርሽ ክፍያ ላይ ሊቆረጥ ይችላል።

አምስት ዓመት ስለሞላሽ፣ ፋብሪካው ለሥልጠና ልኮሽ ይህን ያህል ጊዜ ታገለግያለሽ የሚል ግዴታ ካልገባሽ በስተቀር፣ በራስሽ ፈቃድ ብትለቂም የስንብት ክፍያ ይገባሻል። ለመጀመሪያው ዓመት በመጨረሻው ሳምንት ካገኘሽው አማካይ የቀን ደሞዝ 30 እጥፍ ይታሰባል። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። ለአምስት ዓመት ሲሰላ ከሁለት ወር ደሞዝ ትንሽ ይበልጣል። ያልወሰድሽው የዓመት እረፍትም በገንዘብ ይከፈልሻል። የሥራ ልምድ ወረቀትሽን በነፃ ሊሰጡሽ ይገባል።

የታቦር_ጥላ ስለ ሦስቱ ወር ቀለብ ጠይቆ ነበር። የዚህ ገንዘብ ዋና ጥቅም እሱ ነው። መኪና መግዣ አታድርጊው።

ከፓርክ_የወጣሁ
ታኅሣሥ 4፣ ከምሽቱ 1:50

የፋብሪካው ደሞዝ እንደ ዋስትና ሲቆጠር ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ እኛ ሰፈር ልጆች ሁሉ ተስፋ አድርገን ነበር፣ ብዙዎቻችንም ገባን። ከዚያ በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎአ፣ ማለትም ዕቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ አስወጣች። ኦርደር ቀነሰ። ቀድሞም ለመውጣት የወሰነ ፋብሪካ ነበር። እኔ ከሥራ ከተቀነሱት አንዷ ነኝ። ሥራዬ ላይ ያጠፋሁት ነገር አልነበረም፣ ውሳኔው የተወሰነው ባሕር ማዶ ነው።

ከዚያ ሦስት ጓደኛሞች ሆነን አንድ ክፍል ተከራየን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ። አንዷ ወራት ሳትቆይ ቤሩት ሄደች፣ ሁለታችን ቀረን። መርፌና ክር የምትለው ስለ ቅድ በጣም እውነት ነው። እኛን ያዳነን አንድ ትምህርት ቤት የሰጠን የዩኒፎርም ሥራ ነው። ዩኒፎርም በመጠን ነው የሚቀደደው፣ ደራርበሽ በአንዴ ትቀጂያለሽ፤ ለፋብሪካ እጅ ይመቻል። ጎንና ጎኑ ላይ ትርፍ ጨርቅ አጥፈን እንተው ነበር። ልጁ ሲያድግ እናትየው ፈትታ ታሰፋዋለች። በዚች ምክንያት ብቻ በዓመቱ ተመልሰው እኛ ጋ መጡ።

እህቴ፣ የእኔ ከአንቺ የሚለየው እኔን ጊዜው ገፍቶ ማስወጣቱ ነው። አንቺ እቁብሽን ይዘሽ፣ አስበሽ፣ ቀን መርጠሽ መውጣት ትችያለሽ። እኔ ያንን አላገኘሁም።

ዳቶ_ሰፈር
ታኅሣሥ 5፣ ከጠዋቱ 2:30

ለእሷ የምትሉት ሁሉ ጥሩ ነው። ያለፈውስ ሰው ምን ይሁን? እኔ ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ አባቴ ታመመ፣ እሱን ሳስታምም ሁለት ዓመት አለፈ። ዛሬ ባጃጅ ነው የምነዳው። የዩኒቨርሲቲውን በር በየቀኑ አልፋለሁ፣ ተማሪ እጭናለሁ። ጋሼ፣ የእኔ ዕድል እንደ ፎቁ የውሸት አልነበረም። እውነት ነበር።

ጋሽ_መምህር
ታኅሣሥ 5፣ ከጠዋቱ 3:00

ልጄ፣ ያንተ እውነት ነበር። ማዘንህም ተገቢ ነው፣ ማንም አትዘን ሊልህ አይችልም። ነገር ግን አንተን ዕድሉ አላመለጠህም። አንተ አባትህን መርጠህ ነው የተውከው። ይህን ለይተህ ያዘው። አባትህን ትተህ ሄደህ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዲግሪህን ይዘህ ሌላ ነገር ይቆጭህ ነበር።

አሁን የሚቀረው ምንድን ነው? ባጃጅ ስትነዳ ማታው የራስህ ነው። ሐዋሳ ቴክኒክና ሙያ በማታ የሚያስተምሩ አሉ። አውቶ መካኒክ፣ ኤሌክትሪክ። ሞተር በየቀኑ እጅህ ላይ ነው፣ ባዶ ሆነህ አትገባም። ተምረህ ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ስታልፍ በራስህ ጋራዥ ትሠራለህ። ከፈለግህ በግል ጻፍልኝ፣ ምዝገባ መቼ እንደሆነ አብረን እንጠይቃለን።

ዳቶ_ሰፈር
ታኅሣሥ 5፣ ከጠዋቱ 3:20

እሺ ጋሼ፣ እጽፍልዎታለሁ። ስለ አባቴ ያሉትን ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

የታቦር_ጥላ
ታኅሣሥ 5፣ ከቀኑ 6:45

ሁሉንም አንብቤ ሐሳቤ ትንሽ ተሻሽሏል። አሁንም ተረጋጊ ነው የምለው፣ ግን መረጋጋት ማለት ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይደለም። እስከ ጥር ማብቂያ ያለውን ጊዜ ተጠቀሚበት። ከሥራ ውጭ ባለሽ ሰዓት እትዬ ጋ ገብተሽ ከጎናቸው ቁጭ በይ። ደንበኞቹን ትለምጃለሽ፣ ስንት ሰው እንደሚገባ በዓይንሽ ታያለሽ። ደብተራቸውን ካሳዩሽ ደግሞ የዓመቱን ታውቂያለሽ። ገበያው ከሌለ ምንም ሳትከፍይ ትመለሻለሽ።

አሞራገደል_ነጋዴ
ታኅሣሥ 5፣ ከቀኑ 7:00

በዚህ እስማማለሁ። እኔም ቶሎ አነሳለሁ እንጂ ዓይንና ጉሮሮውን ሳላይ አላነሳም።

ሀይቅዳር_ልጅ
ታኅሣሥ 12፣ ከምሽቱ 2:15

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ያላችሁትን አንድ በአንድ ሄድኩበት።

ቤቱ ኪራይ ነው። አከራዩ ጋ ሄድኩ፣ በስሜ የሁለት ዓመት ውል ሊፈርሙልኝ ተስማሙ። ኪራዩ ላይ ትንሽ ጨመሩ፣ ግን የሚቻል ነው። እትዬ የሁለተኛውን ግማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ አደረጉልኝ። «ይህን ማን ነገረሽ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ የደንበኛ ደብተራቸውን አወጡልኝ። ባለፈው ነሐሴ ላይ ገጾቹ ሞልተው በጀርባው ሁሉ ተጽፎበታል። ሐምሌ ግን ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። ተዘጋጅቼ እጠብቀዋለሁ።

ቅድ አልችልም። ከእሁድ ጀምሮ እትዬ ጋ እየገባሁ ነው። የመጀመሪያ ቀን ጨርቅ አላስነኩኝም፣ በጋዜጣ ላይ ብቻ አስቀደዱኝ። የልጅ ቀሚስ፣ የልጅ ሱሪ፣ ደጋግሜ። በሁለተኛው ቀን አሮጌ አንሶላ ሰጡኝ። እጅጌው አሁንም ያስቸግረኛል።

እናቴን አስቀምጬ ነገርኳት። የስንብቱ ገንዘብ ለቤት ብቻ እንደሚሆን፣ ከእሱ ላይ ለስፌት ቤቱ አንድ ብር እንደማልወስድ ተስማማን። የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሻግረናል። ማስጠንቀቂያውን ዛሬ ጽፌ አስገባሁ፣ ግልባጩ ላይ አስፈርሜያለሁ።

መርፌና ክር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ኦቨርሎኩ ስስ ጨርቅ ላይ ይሸበሽባል። ይጠገናል ወይስ ዋጋ ላስቀንስ?

መርፌና_ክር
ታኅሣሥ 12፣ ከምሽቱ 2:50

እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ።

መጀመሪያ መርፌውን ቀይሪ፣ ወፍራም መርፌ ተክለውበት ሊሆን ይችላል። ከዚያ የክሩን ውጥረት አላልተሽ ሞክሪው። አሁንም ከሸበሸበ ጨርቁን የሚጎትቱት ጥርሶች ማስተካከያ አላቸው፤ በጎኑ ያለችውን ማንሻ ትንሽ ብታንቀሳቅሻት ይስተካከላል። ያም ካልሆነ ጥርሱ ተበልቶ ነው፣ ይቀየራል። ዋጋ አታስቀንሺ፣ እትዬ በመስከረሙ ነገር ውለውልሻል።

እጅጌውን ደግሞ እኔ አሳይሻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ነኝ። አሮጌ አንሶላውን ይዘሽ ነይ፣ ባህል አዳራሽ ስትደርሺ በግል ጻፊልኝ፣ ወጥቼ እቀበልሻለሁ።